ሰባት ጊዜ የታጠበ ብልቃጥ

ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ። ድም።

መጀመሪያ የሰማው ጊዜ ቧንቧ የሚያንጠባጥብ መስሎት ነበር። ተነሥቶ አራቱንም ቧንቧዎች አንድ በአንድ አጠበቃቸው። ድምፁ ግን አላቆመም። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ድም። ከግድግዳው ማዶ ነው የሚመጣው። አንደኛው ጥርት ያለ ነው፤ ሁለተኛው ጨርቅ ላይ እንደ ወደቀ ጠጠር የታፈነ። አንዳንዴ ድንገት ይቆምና ረጅም ትንፋሽ ይሰማል። ትንፋሹ የሴት ነበር።

የሚሠራው አንድ የካንሰር ምርምር ቤት ውስጥ ነው፤ ምድር ቤቱ ላይ ባለችው የዕቃ ማጠቢያ ክፍል። ክፍሏ ሁለት ጥልቅ የብረት ገንዳዎች፣ ሰው የሚያክል የእንፋሎት ማሽንና የብልቃጥ መደርደሪያ ብቻ ነው ያላት። ከማዶው ክፍል ጋር የምታገናኛት ግድግዳው ላይ ያለች የብረት መዝጊያ ያላት ትንሽ መስኮት ናት። ቆሻሻው ብልቃጥ በእሷ ይገባል፣ ንጹሑ በእሷ ይወጣል። የሰው ፊት ግን እምብዛም አይታይባትም። እሱ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ከዚያ ወዲያ ትምህርቱ አልሄደለትም፤ እዚህ ሥራ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው። ማሽኑን በከፈተ ቁጥር በነጭ ጉም ተከቦ ስለሚወጣ ሠራተኞቹ «እንፋሎት» ይሉታል። ስሙን አልጠላውም። እንዲያውም ይስማማኛል ብሎ ያስባል፤ ያዩታል እንጂ አይጨብጡትም።

ልጅ ሆኖ ከረሜላ ሲሰጡት አይበላም ነበር። ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሲዳብሰው ይውላል። እናቱ ልብሱን ስታጥብ ከጨርቁ ጋር ተጣብቆ ታገኘዋለች። «አንተ ልጅ፣ ብላው እንጂ! ነገ ሌላ እገዛልሃለሁ እኮ» ትለዋለች። እሱ ግን ከመብላቱ ይልቅ እንዳለው ማወቁን ነበር የሚወደው። ሲያድግም ይህ ጠባይ አልለቀቀውም።

ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚያች ድምፅ ብቻ ኖረ። ዞሮ ሄዶ ማን እንደሆነች ማየት ይችል ነበር፤ ሃያ እርምጃ አይሞላም። አልሄደም። ጠዋት ሲገባ ውሃውን ሳይከፍት ጥቂት ይቆማል። ጠቅ ካለች ቀኑ ይጀመራል።

አንድ ቀን የብረቷ መዝጊያ ጓ ብላ ተከፈተች።

«እዚያ ማን አለ?»

«እኔ ነኝ» አለ።

«እኔ ማን?»

«አጣቢው።»

«እንግዲያው አንተን ነው የምፈልገው። ና እስቲ ይህን አሽትት።»

ብልቃጥ የያዘች እጅ በመስኮቷ ገባች። አሸተተ።

«ምንም አይሸትም።»

«ሳሙና አለው።»

«ሦስት ጊዜ አለቅልቄዋለሁ።»

«ለአንተና ለእኔ ሦስት ጊዜ ይበቃል። ለእነሱ አይበቃም። ትንሽ ሳሙና ከቀረ ያልቃሉ። የሁለት ሳምንት ልፋቴ ትናንት እንዳለ ሞቶ አደረ።»

«እነማን ናቸው የሞቱት?»

«ሴሎቼ።»

«የካንሰሮቹ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ከሞቱ ጥሩ አይደለም እንዴ?»

ተቆጣች ብሎ ፈራ። ከዚያ ሳቅ ተሰማ፤ ሊያፍኑት ሞክረው ያመለጠ ሳቅ። ጎንበስ ብሎ በመስኮቷ አየ። ወጣት ናት። ዓይኖቿ ዙሪያ ማይክሮስኮፑ ያተመው ክብ ምልክት አለ፤ ከእንቅልፍ እንደ ነቃ ልጅ አስመስሏታል።

«ሰው ውስጥ ሲሞቱ ጥሩ ነው» አለች። «እኔ ጋ ግን እንዴት ሲኖሩ እንደነበር ሳይነግሩኝ መሞት የለባቸውም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ብልቃጥ ሰባት ጊዜ አለቀለቀ። ስድስቱ ለሥራው በቂ ነበር። ሰባተኛውን ከራሱ ጨመረ።

ስለ እሷ የነገሩት ጋሽ ቁልፍ ናቸው። ጋሽ ቁልፍ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ ወገባቸው ላይ ካለው የቁልፍ እስር የተነሣ ከሩቅ ይሰማሉ።

«እሷማ ስኳር ነፋጊዋ ናት» አሉት። «ከሌላ ከተማ ነው ያመጧት፤ ለአንድ ሥራ። ለሻይዋ አራት ማንኪያ ትጨምራለች። ለእነዚያ ምስኪን ሴሎቿ ግን ጠብታ አትሰጥም።» ከዚያ እጁን አዩት። «ደግሞ አንተ ሰሞኑን ምን ሆነህ ነው? ብልቃጡን ታጥበዋለህ ወይስ ታባብለዋለህ?»

«አለቀልቀዋለሁ፣ ጋሼ።»

«ኧረ ተወኝ! እኔም አግብቼ አውቃለሁ።»

በሁለተኛው ሳምንት ስኳር ነፋጊዋ ራሷ ጠራችው። «በበሩ ዞረህ ና። ማንን እንደምታጥብላቸው እይ።» ነጭ ካፖርትና ጓንት አለበሰችውና ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጠችው።

«ምን ይታይሃል?»

«ጨለማ።»

«ዓይንህን ግለጠው እንጂ!»

ገለጠው። ከተራራ ላይ ሆኖ ከተማ በምሽት እንደሚታየው፣ ጨለማው ውስጥ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጥቦች በርተው ነበር። ትንፋሹን ያዘ።

ከጀርባው ቆማ በዝግታ አስረዳችው። ሁለቱም ከአንድ ሰው ዕጢ የተገኙ ናቸው፤ እንዳይምታቱባት በቀለም ለየቻቸው። አረንጓዴዎቹን ሆዳሞች ትላቸዋለች፤ ያገኙትን ስኳር ዋጥ አድርገው ባንድ ቀን እጥፍ ይሆናሉ። ሰማያዊዎቹ ዝግተኞች ናቸው፤ ቆጣቢዎች። እኩል አድርጋ አሥራ ሁለት ብልቃጥ ውስጥ አንድ ላይ ጨመረቻቸው፤ ከዚያ ስኳሩን በየቀኑ ትቀንስባቸዋለች።

«ለምን ያስርቧቸዋል?» አለ።

«መጀመሪያ እርስዎ አትበለኝ። አያቴ ከኋላዬ የቆመች ይመስለኛል።»

«እሺ… ለምን ታስርቢያቸዋለሽ?» ቃሉን እንደሚሰበር ነገር በጥንቃቄ አነሣው።

«ዕጢ ሲያድግ መሀሉ ድረስ ደም አይደርስም። ደም ካልደረሰ ስኳር የለም፣ አየር የለም። እዚያ መሀል ያሉት ባለችው ላይ ይሻማሉ። አብዛኞቹ ያልቃሉ። አንዳንዶቹ ግን ይቀራሉ። መባዛት ያቆሙና ጭጭ ይላሉ። የራሳቸውን ያረጀ ዕቃ እየፈቱ ይበላሉ። ጎረቤት ሲሞት ፍርፋሪውን ይለቅማሉ። ሰው አለቁ ይላል፤ እነሱ አሉ።»

ወንበር ስባ ከጀርባው ተቀመጠች። ቀና ብሎ አላያትም፤ ማየት የሌለበት መሰለው።

«ታላቅ እህቴ ናት ያሳደገችኝ» አለች። «ካንሰሩ ካንሰሩ ጠፍቷል አሉን። ደስታችን ወሰን አጥቶ ቤቱን ቀለም ቀባነው፤ ቢጫ፣ እሷ የመረጠችው። ቀለሙ ገና ሳይደበዝዝ ተመለሰባት። ጥቂቶች ተርፈው ነበር ለካ። እነዚያ ጥቂቶች ያን ሁሉ ጊዜ ምን በልተው እንደቆዩ ማወቅ እፈልጋለሁ። እሱን ካወቅሁ የሚኖሩበትን ነገር መንጠቅ ይቻላል። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

የእህቷ ልጅ የሰባት ዓመት ናት፤ ከአያቷ ጋር ነው የምትኖረው። ፎቶዋ ብልቃጦቹ በሚያድሩበት ማሞቂያ ሳጥን በር ላይ ተለጥፏል፤ የፊት ጥርስ የላትም።

ያን ቀን የድምፁንም ምስጢር አወቀ። ሁለት ቁልፍ ያላት ትንሽ የእጅ መቁጠሪያ ናት። አረንጓዴ ሲታያት ጥርት ያለውን ትጫናለች፣ ሰማያዊ ሲታያት የታፈነውን፤ አንዴ ወድቃባት ነው የታፈነው። ከዚያ ወዲህ ገንዳው ላይ እንደቆመ ማን እያሸነፈ እንደሆነ መስማት ቻለ። መጀመሪያ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ድም የነበረው፣ ስኳሩ ሲያንስ ጠቅ ድም፣ ጠቅ ድም ሆነ። አንድ ጠዋት ደግሞ ድም ድም ድም ጠቅ ሲል ሰማና መዝጊያዋን አንኳኳ።

«ሰማያዊዎቹ በረቱ መሰለኝ!»

«ሰላይ!» አለች ከማዶ። ድምፅዋ ውስጥ ደስታ ነበረ።

እንዲህ ሆኖ ቀኖቹ ሄዱ። መዝጊያዋ ስትከፈት የሚተያዩት ለአንድ ትሪ ርዝመት ያህል ነው። አንዳንዴ ትሪውን ሁለቱም ይዘውት ማንም ሳይለቅ ይቆያሉ። ትርፍ ብልቃጥ ሰጥታ ሳይበክል መመገብን አስተማረችው፤ እጁ እንደማይንቀጠቀጥ አይታ ተገረመች። ሴሎቹ ያሉበት ፈሳሽ ቀይ ከሆነ ጠግበዋል፣ ቢጫ ከሆነ ምግባቸው አልቆ ቆሻሻቸው ተጠራቅሟል ማለት ነው አለችው። አንድ ቀን ንጹሕ ብልቃጥ ስትቀበል በምትኩ አንድ የናና ከረሜላ አስቀመጠችለት። ከሳምንት በኋላ ደረት ኪሱ ውስጥ አየችው።

«ይኼ የእኔ ከረሜላ አይደለም?»

«ነው።»

«ምነው አልበላኸውም?»

«ይቆይ ብዬ።»

«እስከ መቼ?»

አተኩራ አየችው። «አንተ እኮ ሰማያዊ ነህ» አለችና መዝጊያዋን ሳትዘጋት ወደ ሥራዋ ዞረች። ያን ቀን እስከ ማታ ክፍት ነበረች።

ሙከራው አርባ ቀን ነው። በአርባኛው ቀን የአሥራ ሁለቱም ብልቃጥ ውጤት አንድ ዓይነት ከሆነ የምርምር ቤቱ ኃላፊ ሥራዋን ሊያራዝሙላት ቃል ገብተዋል። ካልሆነ ወደ መጣችበት ከተማ ትመለሳለች። ይህን የነገረችው እንደ ዋዛ ነው። እሱ ግን ማታ ቤቱ ሲገባ በጣቱ ቆጠረ።

በሃያ ስምንተኛው ቀን ስልክ ተደወለላት። የእህቷ ልጅ ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ገብታለች። ካፖርቷን እያወለቀች ነገረችው።

«ሦስት ቀን ነው። ሙቀቱን ጠዋት ጠዋት አይተህ ጻፍልኝ፤ ሌላ ነገር የለም። ብልቃጦቹን እንዳትነካቸው። ማየት ብቻ።»

«ቢራቡስ?»

«እንዲራቡ ነዋ የምፈልገው!» በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች። «አደራህን።»

ሦስቱ ቀን አለፈ። አልመጣችም። ስልኳ ዝግ ነው። ጋሽ ቁልፍንም ጠየቃቸው፣ የሚያውቅ የለም። በአምስተኛው ቀን ማሞቂያ ሳጥኑን ሲከፍት አሥራ ሁለቱም ብልቃጦች ቢጫ ሆነው ጠበቁት። አንዱን አንሥቶ ማይክሮስኮፑ ላይ አደረገ። ሰማያዊዎቹ ተኮማትረው ከሥራቸው እየተነቀሉ ይንሳፈፋሉ። መብራት አንድ በአንድ እየጠፋበት እንደሚሄድ ከተማ ነበር።

ምን አሰበ? እሷ የታመመ ልጅ አጠገብ ተቀምጣ ትመለሳለች፤ ስትመለስ ባዶ ብልቃጥ ይጠብቃታል። አንዴ በሳሙና የሁለት ሳምንት ልፋቷን ገድሎባታል። አሁን ደግሞ ቆሞ እያየ ሁሉም ሊያልቁባት ነው። በሦስት ቀን ይመጣል የተባለ ሰው ካልመጣ ትእዛዙም አብሮ ያረጀ መሰለው። ማቀዝቀዣው ውስጥ ሙሉ ምግብ ያለበት አንድ ጠርሙስ ነበር። እጁን ታጠበ፣ ጓንት አደረገ፣ እንዳስተማረችው አንዲት ጠብታ ሳያፈስ መገባቸው። አሥራ አንደኛው ላይ ጠርሙሱ አለቀ። አሥራ ሁለተኛውን ብልቃጥ «አንተ ደግሞ ታገሥ» አለውና ወደ ቦታው መለሰው። የቀሩት ሁሉ እንደገና ቀይ ሆነው ሲያያቸው የቤተሰብ አባወራ የሆነ ያህል ደስ አለው።

በአሥረኛው ቀን ተመለሰች። የእግሯን ኮቴ ለየው። የማሞቂያ ሳጥኑ በር ተከፈተ። ከዚያ ምንም። ጠቅ የለም፣ ድም የለም። ውሃውን ዘጋና ጠበቀ። መዝጊያዋ ቀስ ብላ ተከፈተች።

«ማን ነው የመገባቸው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«ቢጫ ሆነው ነበር።»

ፊቷ ገርጥቷል፤ አሥር ቀን ያልተኛ ሰው ፊት ነው።

«እንዳትነካቸው ብዬህ ነበር።»

«ብለሽኝ ነበር። ግን ሲሞቱ አየሁ። አንቺ አልመጣሽም። ባዶ ብልቃጥ እንዳይጠብቅሽ ብዬ…»

አልጮኸችም። ቢጮኹበት ይሻለው ነበር። መዝጊያዋን የሰው ጣት እንዳትይዝ የተጠነቀቀች ይመስል ቀስ አድርጋ ዘጋች። ያኔ ነው ትዝ ያለው።

«ልጅቷስ?» አለ ወደ ብረቱ ተጠግቶ።

ከብረቱ ማዶ መለሰች፤ «ድናለች።»

ያን ቀን ሙሉ ቆጠረች። ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ድም እስኪመጣ መጠበቅ ሰለቸው። አሥራ አንድ ብልቃጥ እንዲህ ሆኖ አለቀ። አሥራ ሁለተኛውን ስትጀምር ግን ድምፁ ተለወጠ፤ ድም። ድም። ድም። ረጅም ጊዜ ድም ብቻ።

ማምሻውን በበሩ መጥታ ከገንዳው አጠገብ ቆመች። ከዚህ በፊት እዚህ ክፍል ገብታ አታውቅም።

«ነገሩን ልንገርህ?» አለች። «ስሄድ ከአሥሩ ስምንቱ ሰማያዊ ነበሩ። ያን ሁሉ ረሃብ የቻሉት እነሱ ናቸው። ምግብ ሲመጣላቸው ግን አላወቁበትም። እንደለመዱት ቀስ እያሉ፣ እየቆጠቡ ቀሩ። የተረፉት ጥቂት ሆዳሞች በአምስት ቀን ዋጧቸው። አሥራ ሁለተኛው ውስጥ ግን ሰማያዊዎቹ አሉ። ከሞቱት መሀል እየለቀሙ አሉ።»

«ታዲያ ጥሩ አይደለም?»

«ለእኔ ጥሩ ነው። ለኃላፊያችን አንድ ብልቃጥ ውጤት አይባልም።»

«ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገ እነግራቸዋለሁ።»

የእጁን ጣቶች አየች፤ ውሃ የጠጣ ቆዳ፣ የተጨማደደ። በጣቷ አንዷን ነካ አደረገቻትና ወጣች።

በማግስቱ ከእሱ ቀድማ ገብታ ነበር። የምርምር ቤቱ ኃላፊ ድምፅ በግድግዳው አልፎ ተሰማው።

«ማን ነው የመገባቸው?»

እጁን ሳያደርቅ ወደ በሩ ተነሣ።

«እኔ ነኝ» አለች ስኳር ነፋጊዋ። «ከመሄዴ በፊት ተሳስቼ መገብኳቸው።» ከዚያ ግድግዳውም እንዲሰማ ያህል ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ሌላ ማንም የለበትም።»

እጁ የበሩ እጀታ ላይ ቀረ። ከእጁ የሚንጠባጠበው ውሃ ጫማው ላይ አረፈ። ተመልሶ ተቀመጠ። ያን ወንበር ከዚያ በኋላ አልወደደውም።

ሥራዋ አልተራዘመም፤ የቀራት አንድ ሳምንት ነው። ያን ሳምንት መዝጊያዋን አትዘጋትም ነበር። ሻይ ይዛ በበሩ ትመጣለች፣ ከጎኑ ትቀመጣለች፣ ትከሻዋ ትከሻውን ይነካዋል። ስለ ልጅቷ ትነግረዋለች፤ ሆስፒታል ውስጥ ነርሷን «ጥርሴ እስኪበቅል መርፌ አልወጋም» እንዳለቻት። ይስቃል። ግን አንድ ነገር ልብ አለች። ከተነሣች በኋላ እንጂ እያለች ሻዩን አይጠጣም። ቀረብ ስትል የሚናገረው ይጠፋዋል። በመስኮቷ ሲሆን እንደዚያ የሚቀልድ ሰው አሁን ጓንት ማጠፍ ይጀምራል።

«በመጠኑ ስርቅህ ነው መሰለኝ የምትወደኝ» አለችው አንድ ቀን እየሳቀች።

«አልለመድኩም» አለ።

«ትለምዳለህ።»

ሐሙስ ዕለት ባዶ ትሪ ታቅፋ መጣች።

«እዚያ የምሄድበትም የካንሰር ላቦራቶሪ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«እዚያም ብልቃጥ ይቆሽሻል።»

«ይቆሽሻል።»

«አንተ ሰው! ሰው እንዲህ እየለመነህ አታግዘኝም? ትመጣለህ ወይ ነው የምልህ።»

እንፋሎት ማሽኑ ከኋላው ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ። እሱም አብሮ የተነፈሰ መሰለው።

«አጣቢ ሆኜ?»

«የእኔ ሰው ሆነህ። ሥራውን እዚያ እንነጋገራለን።»

አያት። የደረት ኪሱን በእጁ ሸፈነ፤ ከረሜላዋ አሁንም እዚያ ናት።

«እመጣለሁ» አለ። ብሎታል። ድምፁ እንኳን አልተንቀጠቀጠም።

«እንግዲያው ቅዳሜ ጠዋት የመጨረሻዎቹን ብልቃጦች እጠብልኝ። ከዚያ በመስኮቷ አይደለም፤ በበሩ ና። ቦርሳህን ይዘህ።»

ቅዳሜ ክፍሏን ባዶ አደረገች። የልጅቷን ፎቶ ከሳጥኑ በር ላይ ነቀለች። ከአሥራ ሁለተኛው ብልቃጥ የተረፉትን ሰማያዊዎች ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አቀዝቅዛ በበረዶ ሣጥን አድርጋለች፤ እዚያ ከእነሱ እንደገና ትጀምራለች። መቁጠሪያዋ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ቀርታለች።

ጋሽ ቁልፍ እየተንሿሹ መጡ። «መኪናው ደርሷል። ሻንጣሽን አስጭኜልሻለሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያ ልጅ ቦርሳ ይዞ ነው የመጣው። ፀጉሩንም ተቆርጧል። ጆሮው ወጥቶ ወጥቶ፣ እኔማ አዲስ ሠራተኛ መስሎኝ ማነህ ልለው ነበር!»

ሳቀች። «ይምጣ፣ አብረን እንወጣለን» አለች። እሳቸው ወጡ።

ከግድግዳው ማዶ ውሃ ሲወርድ ይሰማል። ይሞላል፣ ይገለበጣል፤ ይሞላል፣ ይገለበጣል። ብልቃጥ ሲያለቀልቅ እንዲህ ተቀምጣ ሰምታው አታውቅም። መቁጠሪያዋን አነሣችና የመጨረሻው ብልቃጥ ላይ ሲደርስ በታፈነው ቁልፍ መቁጠር ጀመረች። አንድ። ሁለት። አምስተኛው ላይ ትንሽ ቆየ። ስድስት። ሰባት። ውሃው ተዘጋ።

መዝጊያዋ ከማዶ ተከፈተች። እጁ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ትሪው ላይ ደረደረ። ፊቱ አይታይም። ልትጠራው ፈለገችና ተወችው፤ በበሩ ነው ያለችው። የመጨረሻውን ካስቀመጠ በኋላ እጁ ትሪው ጠርዝ ላይ ቆየ።

ቁልፏን ተጫነች። ድም።

እጁ ተነሣ። መዝጊያዋ ተዘጋች። ኮቴው ክፍሉን አቋረጠ፣ በሩ ተከፈተ፣ በኮሪደሩ መጣ። ፀጉሯን በእጇ አስተካከለች። ከበሯ ሥር ባለው ክፍተት የሁለት ጫማ ጥላ ገባ። ቆመ። ትንፋሹን የሰማች መሰላት። መቁጠሪያዋን ጨብጣ ሳትንቀሳቀስ ጠበቀች፤ በሩ አልተቆለፈም።

ጥላው ከበሩ ሥር ወጣ። ኮቴው ወደ ማጠቢያ ክፍሉ አልተመለሰም፤ ደረጃውን ወጣ፣ ሳይሮጥ፣ አንድ በአንድ። ከላይ፣ መኪናው በቆመበት ሳይሆን በጀርባ በኩል ያለው በር ተከፍቶ ተዘጋ።

ትሪው ላይ ወረቀት ፈለገች። አልነበረም። በሙቅ ውሃ ሰባት ጊዜ የታጠቡት ብልቃጦች ገና አልቀዘቀዙም ነበር።